በዘውዴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ሰውዬ

ሐረርን አይቶ የማያውቅ ሰው ከዚህ ጽሑፍ ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ ብዙ ነገር ከጠበቀ ያዝንብኛል። ግንቡን አይቼዋለሁ፤ ግን አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት አንድ ሥዕል ሲያጨቃጭቀኝ፣ ምሳ ሁለት ጊዜ ስበላና የሌላ ሰው ልብስ ለብሼ ስዞር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዘውዴ ነው። ዘውዴ ከመምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። እሱ ታሪክ፣ እኔ ሥዕል ስናስተምር ኖረን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። እሱ ሐረር በአያቶቹ ቤት ይኖራል፤ እኔ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የአንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ እጽፋለሁ። ሰውየው ሙሴ ብሬሳክ ይባላል፤ በአፄዎቹ ዘመን ሐረር የኖረ፣ አገሩም እኛም የረሳነው ሰው ነው። ባለቤቴ አሰለፈች «አንድ ሥዕሉን እንኳ ሳታይ የሰውየውን ታሪክ ትጽፋለህ» እያለች ታሾፍብኛለች። እውነቷን ነው፣ አላየሁም።

እንግዲህ የዘውዴ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለ አሮጌ ሥዕል ወድቆ ፍሬሙ ሲሰበር፣ ከፍሬሙ ሥር የብሬሳክ ስም ተገኘ። ዘውዴ ወዲያው ደወለልኝ። «ፈረንጅህ ቅድመ አያቴን ነው የሣለው» አለኝ። «አንዲት ሴትዮ ግን የኔ ቅድመ አያት ናቸው ትላለች። ና እና ፍረድ።»

ሰኞ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። አሰለፈች መስኮቱን ያዘች፤ እኔ የሷን ቦርሳ፣ የሷን ጃንጥላና የሷን ምሳ ዕቃ ያዝኩ። መተሐራ አካባቢ ሙቀቱ ሲበረታ እንቅልፍ እንዳይወስዳት ብዬ የብሬሳክን ታሪክ ጀመርኩላት።

ብሬሳክ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የተወለደ የበርሜል ሠሪ ልጅ ነው። በርሜል ከመሥራት ይልቅ በርሜሉ ላይ የሰው ፊት መሣል ስላበዛ አባቱ ሰልችቶት ፓሪስ ላከው። ፓሪስ ውስጥ በየዓመቱ ትልቅ የሥዕል ትርኢት አለ፤ ብሬሳክ በየዓመቱ ያቀርባል፣ በየዓመቱ ይመለስለታል። አንድ ጊዜ ብቻ የአህያ ሥዕል ተቀበሉት። እሱንም ከበር በላይ ጣሪያው ሥር ሰቅለውት ከዘበኛው በቀር ያየው የለም።

«ያችን አህያ ሲሥል» አልኳት፣ «አህያዋ የቀኝ ጆሮውን ነክሳ ጫፉን ቆርጣዋለች። የእህቱ ልጅ ስለ እሱ ባሳተመችው ትንሽ መጽሐፍ ላይ አለ።»

«ያንተ ሰው አህያ የበላችው ነው?»

«ጫፉን ብቻ።»

እስከ አዋሽ ድረስ ሳቀች። አዋሽ ምሳ በላን። ከዚያ መንገዱ የጨርጨርን ተራራ ሲይዝ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ማሽላው፣ ጫቱ፣ ገደሉ ተከታተለ። ቁልቢ ላይ አሰለፈች አማተበች። ደንገጎ ላይ የድሬዳዋ ተሳፋሪዎች ወረዱ፤ ረዳቱም ከጣሪያው ላይ ሻንጣ አወረደላቸው። ያኔ ቀና ብዬ ማየት ነበረብኝ። አወዳይ ደርሰን የጫት ገበያውን ግርግር ስናይ ሻንጣዬን አላሰብኩትም።

ማረፊያ የያዘችልን የአሰለፈች የእህት ልጅ ናት። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ እንግዳ የሚያሳርፉ የአንዲት አሮጊት ቤት ነው። ባጃጁ ፈረስ መጋላ አደባባይ አድርሶን ከዚያ በእግራችን ወረድን። መንገዱ ጠባብ ከመሆኑ የተነሣ አንድ ሰው ፍየል እየነዳ ሲመጣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈን አሳለፍነው። የኛ ኮንዶሚኒየም ደረጃም ጠባብ ነው፤ ግን ፍየል የሚመጣበት ለበዓል ብቻ ነው።

ቤቱ ከውስጥ እንደኛ ቤት ሶፋ የሞላው አይደለም። ቀይ ቀለም የተቀባ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ አለ፤ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎበታል፤ ግድግዳው በሰፌድና በሳህን ተሸፍኗል። ደክሞኝ ስለነበር ያገኘሁት መደብ ላይ ዘፍ አልኩ። አሰለፈች ክፉኛ አየችኝ፤ ለካስ የአባወራው ቦታ ነው።

«ይቀመጥ፣ ይቀመጥ» አሉ አሮጊቷ። «እዚያ የሚቀመጠው ከሞተ ቆይቷል። አላህ ይርሐመው።»

የሴትየዋ ስም ሩቂያ ነው፤ የሚገባ የሚወጣው ጎረቤት ግን «አይ ሩቂያ» ይላቸዋል። አሰለፈች ለረጅም ጊዜ ስትሰማ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፤ «ሰዉ ሁሉ እምቢ የሚላቸው ምን ጠይቀውት ነው?» አይ በሐረሪ እናት ማለት መሆኑን እኔም ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ሻንጣዬን ስከፍት የሙሽራ ቀሚስና ባለተረከዝ ነጭ ጫማ ወጣ። አንዲት የድሬዳዋ ሙሽራ የኔን ፒጃማ ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። አይ ሩቂያ ቀሚሱን ዘርግተው አዩት፣ እኔንም አዩኝ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ከሳጥን ውስጥ የሟች ባለቤታቸውን ሽርጥና ኮፍያ አወጡልኝ። አሰለፈች አውቶቡስ ድርጅቱ ጋ ደውላ አስመዘገበች።

ራት ምስር ወጥ ነበር። «ክርስቲያኖች ስለሆናችሁ ሥጋ አላስነካሁትም» አሉ አይ ሩቂያ። «እናንተ ሁልጊዜ ትጾሙ የለ?» ዕለቱ ሰኞ መሆኑን አሰለፈች ልትናገር ስትል እግሯን ነካሁት። እንዲህ በደስታ የሠሩትን ምግብ እንዴት ይመለሳል? ያቺ አንዲት ዝምታ ግን በሰነበትንበት ጊዜ ሁሉ ምስር አስበላችን።

ማክሰኞ

በሽርጥና በኮፍያ ሆኜ ከአሰለፈች ጋር ወደ ዘውዴ ቤት ሄድኩ። አዲስ አበባ እንዲህ ለብሼ ከቤት ብወጣ የግቢው ጥበቃ ለልጆቼ ይደውል ነበር። እዚህ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፤ እንዲያውም አንድ ሽማግሌ በሐረሪ ሰላም ብለውኝ ረጅም ነገር አጫወቱኝ፣ እኔም በየመሐሉ «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ተለያየን።

የዘውዴ አያቶች ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ ቤቱም ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ነው። በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ትንሽ ቆመ። ነገሩን ስነግረው ሳቀና የራሱን ቡናማ ኮት አለበሰኝ። ዘውዴ ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ኮቱ ውስጥ ለሌላ ሰውም ቦታ ነበር።

«የት ነው ያረፋችሁት?» አለ።

«ጀጎል ውስጥ። አይ ሩቂያ የሚባሉ ደግ ሴትዮ ቤት።»

ፊቱ ተለወጠ። «የከሳሼ ቤት ነዋ ያረፍከው። ሥዕሉ የኔ ነው የምትለው ሴትዮ እሷ እኮ ናት።»

ለካስ ሁለቱ ቤተሰቦች ከአያቶቻቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው። ለዒድ ከዚያኛው ቤት ጣፋጭ፣ ለፋሲካ ከዚህኛው ቤት ዳቦ ይሄድ ነበር። የዘውዴ እናት ሲያርፉ አይ ሩቂያ ለቅሶ መጡ። ሳሎን ውስጥ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ እሳቸው ቀና ብለው ግድግዳውን አዩና «ይሄ የቅድመ አያቴ ጥምጣም አይደለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣፋጩም ዳቦውም ቆመ።

«በእናቴ ለቅሶ ላይ» አለ ዘውዴ። አሁንም አልወጣለትም።

ሥዕሉን አሳየኝ፤ ከአያቶቹ ጋር የኖረ ነው እንጂ እንዴት ቤቱ እንደገባ እሱም አያውቅም። ስንት ዓመት በሐሳቤ የሣልኩት ሥዕል ፊቴ ቆመ። አንድ ሰው ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር አጠገብ ቆሟል። ፀሐይ ያጠቆረው ፊት፣ ትልቅ ነጭ ጥምጣም፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ። አንድ እጁ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ቀርቷል። ዓይኖቹ በጎን ያዩሃል፣ የተጠራጠሩህ ይመስል። ከጥምጣሙ ሥር ብቅ ያለው ጆሮ ጫፉ የለም።

አሰለፈች ክንዴን ያዘች። «አህያዋ» አለች በሹክሹክታ።

እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር። ግን ያ በሥዕሉ ላይ ያለው የግራ ጆሮ ነው። ብሬሳክ የተነከሰው ቀኙን ነው፤ መጽሐፉ በግልጽ ይናገራል።

«ጆሯቸው እንዴት ሆነ?» አልኩት ዘውዴን።

«ጦር ሜዳ ነዋ። ጥይት ነው የመታቸው። ሌላው ቢሆን ይሸሽ ነበር፤ እሳቸው ጆሯቸውን በነጠላ አስረው ውጊያቸውን ቀጠሉ።» አሰለፈች መስኮት ለማየት ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

የዘውዴ ባለቤት ያቀረበችው ምሳ ሦስት ዓይነት የሥጋ ወጥ ነበር። ምስር ያልሆነ ነገር ስላገኘን አልራራንም። ማረፊያችን ስንመለስ አይ ሩቂያ ምሳ ሳይበሉ ሲጠብቁን አገኘናቸው። ምስር ነው። በላን።

ረቡዕ

አይ ሩቂያ ለምን እንደመጣን ያወቁት ገና በመጀመሪያው ማታ ኖሯል። ሐረር ትንሽ ከተማ ናት። ግን እንግዳን በነገር ማስጨነቅ ነውር ስለሆነ ዝም ብለውኝ ነበር። ጠዋት ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ነው ሲሉ እኔና አሰለፈችም ተከተልን፤ መንገድ ላይ ራሴ አነሣሁባቸው።

«ጥምጣሙን አላየህም?» አሉ። «እንዲህ የሚጠመጥመው የኛ ሰው ነው። ወላሂ ቅድመ አያቴ ነው። ጆሮውን እንኳ ወደ ዘይላ ወደብ ሲወርድ መንገድ ላይ ግመል ነክሶት ነው። ግመሉን መልሶ ነከሰው ይላሉ።»

እኔም የብሬሳክን የሐረር ኑሮ አጫወትኳቸው። ፓሪስ አልሆን ሲለው የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ መጣ። ሥራው ቆዳና ቡና ማስመዘን ነበር፤ ሲያርፍ ግን ሸራውን ተሸክሞ የሚሣልለት ሰው ፍለጋ ይዞራል። የጀጎል ሰዎች ምሳ ያበሉታል፣ ያጫውቱታል፣ ፊታችሁን ልሣል ሲላቸው ግን አይሆንም ይሉታል።

«ሐራም ነዋ» አሉ አይ ሩቂያ። «ልክ ናቸው።»

«ታዲያ የእርስዎ ቅድመ አያት እንዴት ተሣሉ?»

አይ ሩቂያ ወደ በርበሬ ነጋዴዋ ዞሩና በሐረሪም በኦሮምኛም እየቀላቀሉ ያለ ርኅራኄ መከራከር ጀመሩ። ሴትየዋ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ዋጋ ቀነሰች።

ቀጥዬ ነገርኳቸው። በመጨረሻ ብሬሳክን አንድ የሸዋ መኰንን እሺ አሉት። ጨዋው ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀመጡለት። እሱ ደግሞ አገሩ እንደተማረው በጎን ሣላቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ከሃዲ መሆኑን ማን ይንገረው? መኰንኑ ሥዕሉን ሲያዩ ዱላ አነሡ፤ እስከ ኤረር በር አሳደዱት። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አልተቀመጠለትም።

«ሚስኪን» አሉ አይ ሩቂያ። ከዚያም በርበሬውን አሰለፈች የያዘችው ዘምቢል ውስጥ እየጨመሩ፣ «ግን ያንተ ጓደኛ በእናቱ ለቅሶ የተናገርኩትን ይቅር ቢለኝ ጥሩ ነበር። ከአፌ አመለጠኝ እንጂ ያን ቀን ልናገር አስቤ አልነበረም። እናቱ ጓደኛዬ ነበረች።»

ይህን ስትሰማ አሰለፈች የተሸከመችውን ዘምቢል አስቀመጠች። እኔም እስከዚያ ሰዓት ድረስ የመጣሁት ስለ ሥዕል መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ፈራሁ። ለዘውዴ ብፈርድ አሮጊቷ፣ ለአሮጊቷ ብፈርድ ዘውዴ፤ አላውቅም ብል ደግሞ ሁለቱም እንደተኳረፉ ይቀራሉ።

ሐሙስ

መላጫዬ ሻንጣዬ ጋ ስለሄደ አይ ሩቂያ የባለቤታቸውን አዋሱኝ። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ በተንጠለጠለ መስተዋት ፊት ቆሜ ስላጭ ጉንጬን ቆረጥኩት።

«ቀኝ ጉንጭህ ደማ» አለች አሰለፈች ከኋላዬ።

መስተዋቱን አየሁ። እዚያ ውስጥ ያለው ሰውዬ የሚደማው ግን ግራ ጉንጩ ነው። እንደገና አየሁ። በመስተዋቱ ውስጥ የቆመው ሰው የጀጎል ሰው ሽርጥና ኮፍያ፣ የሸዋ ሰው ኮት ለብሷል፤ አንድ እጁ ተዘርግቷል፤ ዓይኑ በጎን ያየኛል፣ የተጠራጠረኝ ይመስል። ሳሙናውን ሳልጠርግ ወደ ቤት ገባሁ።

«ዘውዴ ጋ ደውይ» አልኳት። «ሥዕሉን ይዞ ይምጣ።»

ዘውዴ አይ ሩቂያ ቤት አልገባም አለ። አይ ሩቂያም እዚያ ለቅሶ ቤት አልመለስም አሉ። አሰለፈች ፈረስ መጋላ ያለውን ካፌ መረጠች፤ የማንም ቤት አይደለም። ዘውዴ ሥዕሉን በአንሶላ ጠቅልሎ በባጃጅ መጣ። ሥዕሉ ባጃጁ ውስጥ ስላልበቃው ሾፌሩ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ደግፎለታል። ወንበር ላይ አቁመን አንሶላውን ስናነሣ፣ የታክሲ ሾፌሮች ተሰበሰቡ። ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ በጥምጣሙ፣ ገሚሱ በካባው።

ዘውዴና አይ ሩቂያ ትይዩ ተቀመጡ። ሰላምታቸው በጣም አጭር ነበር። እኔ ተነሣሁ። ስንት ዓመት አርባ ልጅ ፊት እንደቆምኩት ከሥዕሉ ጎን ቆምኩ።

«ይህ ሰው» አልኩ፣ «የማናችሁም ቅድመ አያት አይደለም። ሠዓሊው ራሱ ነው።»

ሁለቱም ወደ ሥዕሉ ዞሩ።

«የሚቀመጥለት ሰው ስላጣ በመስተዋት እያየ ራሱን ሣለ። መስተዋት ቀኙን ግራ ያደርጋል፤ ጆሮው የተገለበጠው ለዚያ ነው። የማይታየው እጁ ብሩሹን የያዘው ነው።»

«ጆሮውስ?» አለ ዘውዴ በቀጭን ድምፅ። «ጥይቱስ?»

ልደብቅለት ፈልጌ ነበር። አሰለፈች ግን ቀደመችኝ፤ «አህያ ናት» አለች።

አንድ የታክሲ ሾፌር ሳቀና ጓደኛው ጎሸመው። ዘውዴ ሥዕሉን አየው። «በየበዓሉ ልጆቼን ከሥሩ አቁሜ ስለ ጀግንነታቸው እናገራለሁ» አለ። «ለፈረንጅ? አህያ ለነከሰችው ፈረንጅ?»

አይ ሩቂያ ግን ሥዕሉን ሳይሆን ጥምጣሙን ነበር የሚያዩት። «እናቴ የምትናገረው አንድ ነገር ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ቅድመ አያቴ የዒድ ጥምጣሙን ለአንድ ፈረንጅ አውሶ፣ ፈረንጁ ሳይመልስ አገሩ ገባ። ሐዘኑ ከቤታችን አልወጣም ነበር።»

ዘውዴ ቀና አለ። «የኛ ቤት ደግሞ ካባ ነው የጠፋው። የቅድመ አያቴ ባለወርቅ ካባ። ሎሌያቸው ሰረቀው ተብሎ ተባሯል።»

«ንጹሕ ሰው አባረራችኋል ማለት ነው።»

«እኛ ምን እናውቃለን? ሌባው ይኸውና ለብሶት ቆሞ።»

እኔም ገባኝ። ያ በአንድ ዓይን የተሣሉት መኰንን የዘውዴ ቅድመ አያት ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሠዓሊው በዱላ ሲባረር ካባቸው ክፍሉ ቀርቷል። ይህን ከነዱላው ለዘውዴ ነገርኩት።

«እስከ ኤረር በር ነው ያሳደዱት?»

«እስከ ኤረር በር።»

«ጥሩ አደረጉ» አለ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚያቆማቸው አልተገኘም። ስለ ፈረንጁ ሌብነት፣ ስለ ጥምጣሙ ጨርቅ፣ ስለ ካባው ክር ተቀባበሉ። ሰማዩ ሲከብድ አይ ሩቂያ ተነሡ። «ሥዕሉን ዝናብ ሳይመታው ቤት አስገባው። የኔ ይቀርባል። እናትህ በሕይወት ብትኖር በር ላይ አታቆመኝም ነበር፤ እኔም አላቆምህም።»

ዘውዴ ሥዕሉን አንሥቶ ተከተላቸው። ያን ቀን ምሳ ላይ ምስሩን ሲያይ «ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?» አለ። እግሩን ነካሁት።

ዓርብ

ሙሽራዋ ተገኘች። ሠርጓ እሑድ ስለሆነ ከሰዓት ድሬዳዋ ወርደን ሻንጣ ልንለዋወጥ ተቀጣጠርን። ዘውዴ ሊሰናበተንና ሥዕሉን ሊወስድ በጠዋት መጣ፤ ግን የሚወስድ አይመስልም ነበር፣ መደቡ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጦ ከአይ ሩቂያ ጋር ሥዕሉ የት ቢሰቀል እንደሚያምር ይጨቃጨቃል።

በዚህ መሐል አንድ አስጎብኚ ባልና ሚስት ፈረንሳውያን ይዞ ቤቱን ሊያሳያቸው ገባ። ሰፌዱን አዩ፣ ሳህኑን አዩ፣ ከዚያ ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ዘውዴ በኩራት ለአስጎብኚው፣ «የአገራቸው ሰው ነው በላቸው» አለው።

ባልና ሚስቱ ጠጋ ብለው አዩት፣ እርስ በርስ ተነጋገሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሊሆን አይችልም ይላሉ» አለ አስጎብኚው። «የኛ ሰው እንዲህ አይቆምም፣ እንዲህም አያይም፤ ይህ የዚህ አገር ሰው ነው ነው የሚሉት።»

ስለ መስተዋቱ ላስረዳ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። አይ ሩቂያ ሽርጤን ይዘው አስቀመጡኝ።

«ተዋቸው» አሉ። «ካልፈለጉት በግድ ነው?»

«ታዲያ የማን ነው ልበላቸው?» አለ አስጎብኚው።

አይ ሩቂያ ዘውዴን አዩት። ዘውዴም እሳቸውን አያቸው።

«የኛ ነው» አለ ዘውዴ።

«የማናችሁ?»

«የኛ አለህ እኮ» አሉ አይ ሩቂያ። «አማርኛ አይገባህም?»